ቀኝዎን ይታጠቡ

ደብረ ብርሃን ላይ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው በሩ ጋ ሲደርስ ሁለት እጁን ዘርግቶ ያሳያል። ሚዛን ታያለች። ሚዛን የምንላት በየበሩ የተተከለችውን ዐይን ነው፤ አውቶቡስ ላይ አለች፣ ትምህርት ቤት በር ላይ አለች፣ ዳቦ ቤትም አለች። ቆዳው ንጹሕ የሆነ ሰው መኖሯንም ሳያስታውስ ያልፋል። ሶርያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ያለብን እኛ ግን ቆም እንላለን። ቅርፊታችን ይቆጠራል፣ መቅላቱ ይለካል፣ ከዚያ በዚያ ለስላሳ ድምጿ "ይግቡ፣ ግራ ይመራል" ትለናለች። ሁልጊዜ የሚመራው ግራ ነው።

የእኛ ስም አነጻጻሪ ነው። በአያቶቻችን ጊዜ የታመመ ሰው ሐኪም ዘንድ ይሄድ ነበር ይባላል፤ ሐኪሙ አይቶ ቅባት ያዛል፣ ካልተስማማ ይቀይራል። አሁን ሐኪም የሚባል ሰው የለም፤ መድኃኒት የሚያገኘው ገላውን ለንጽጽር የሰጠ ብቻ ነው። ስለዚህ ሰባት ዓመት ሙሉ ከመሀል ተከፍለን ኖረናል። በግራ ጎናችን ጽናት የሚባለውን ቅባት እንቀባለን፣ በቀኛችን ንጋት የሚባለውን። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው። ጽናት ኃይለኛው ነው፣ ሽታም የለው። ንጋት ለዘብ ያለ ነው፤ የጥድ ዘይት ስላለበት ጥድ ጥድ ይላል።

ሁለቱ ቅባቶች እንዳይነካኩ የማይደረግ ነገር ብዙ ነው። አይጨበጨብም። እጅ አይጣመርም። ቤተ ክርስቲያን ስንቆም መዳፋችንን አራርቀን ነው የምንጸልየው። ሠርግ ላይ አነጻጻሪዎች አንድ ጥግ ይዘን በአንድ እጃችን ጭናችንን እንመታለን፤ ሙሽሮቹ ለምደውታል። ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ደረቴን የመታሁት በቀኜ ብቻ ነበር። በግራዬ ብመታ ቆዳው ይላጥ ነበር፣ እሱንም ልንገራችሁ።

ግራ እጄ ላይ አንድም ቅርፊት የለም። ያበራል። የማያውቅ ሰው "እንዴት ያምራል" ይለኛል። ግን ስስ ነው፤ የሽንኩርት ልጣጭ በሉት። ከሥሩ ደም ሥሩ ሁሉ ይታያል። የጠረጴዛ ጠርዝ ሲነካው ይጠቁራል። የእናቴን የብር አምባር አንድ ቀን ለበዓል ባደርገው አንጓዬን ልጦት ቀሚሴን በደም አበላሸው፤ ከዚያ ወዲህ አምባሩ ሣጥን ውስጥ ነው። ሚዛን ቅርፊትና መቅላት እንጂ ስስነት አትቆጥርም። አንድ ጊዜ እጄ እየደማ በሯ ላይ ቆሜ "ይኼስ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ደም ቅርፊት አይደለም፤ ግራ ይመራል" አለችኝ።

እኔ አስካለ እባላለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ምላሴ ስለታም ነው ይላሉ፤ አልዋሹም። ነገር ግን እነዚያን ዓመታት ሁሉ በራሴ እጅ ላይ የመጣውን ችዬ ዝም ብዬ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ።

ዝምታዬ ያበቃው የልጄ የምዕራፍ ክርን ላይ ያንን የማውቀውን ቀይ ክብ ያየሁ ጠዋት ነው። ጥር ላይ ነው። ብያኔው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ እንደሚሆን ታውጇል። ብያኔ ማለት ንጽጽሩ የሚዘጋበት ቀን ነው፤ ያሸነፈው ቅባት ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሁሉም በሽተኛ፣ ለአዲሱም ለአሮጌውም፣ በሁለቱም ጎን፣ ዕድሜ ልክ ይሆናል። ያልተቀባ ሰው የትም በር አይከፈትለትም። የሚያሸንፈው ጽናት መሆኑን ደግሞ ሕፃን ያውቃል። እኔ የማየው ግን ግራ እጄን ነበር፤ ግራ እጄን በልጄ ሙሉ ገላ ላይ፣ ከአንገቷ እስከ እግሯ። አሥራ አራት ዓመቷ ነው።

ለሚዛን አመለከትኩ። "ቅሬታዎ ደርሶናል፤ ግራ ይመራል" አለች። ይኼው ነው።

ነገሩን የፈታችልኝ ዘይነባ ናት። ዘይነባ ጎረቤቴ ናት፣ አጥር ነው የሚለየን፤ የጨርቅ ሱቅ አላት። እሷም አነጻጻሪ ነበረች፤ በሁለተኛው ዓመት ከንጽጽሩ አስወጧት። ከወጣች ወዲህ መድኃኒት የሚባል ስላላየች ቅርፊቱ እጇን ወርሶታል፣ ቫዝሊን እየቀባች ትኖራለች። ሁዳዴ ላይ አንድ ከሰዓት አጥሩ ጋ ቆመን ስናወራ ቀኝ እጄን አየችው።

"አስኩ፣ ቀኝሽ ተሻለው ወይስ ለእኔ ነው?"

"በሁዳዴ ሁልጊዜ ይሻለዋል። ፋሲካ ሲገባ ይመለሳል። ሥጋው ነው የሚያስነሣው ይላሉ።"

"ሥጋ የሚበላው በአፍ አይደለም እንዴ? ታዲያ ግራሽን ለምን አያስነሣውም?"

ሣቅሁ። እሷ አልሣቀችም።

"አሁን በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትበዪው?" አለችኝ።

"አንዴ ነው። ከቅዳሴ በኋላ።"

"ሁዳዴ ሳይሆንስ? ቁርስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት። ያን ሁሉ ጊዜ የምትታጠቢው የትኛውን እጅሽን ነው?"

አጥሩን ያዝኩ። ጠዋት ሁለቱንም እጃችንን እንቀባለን። ከዚያ ቀኛችንን ከምግብ በፊት በሳሙና እንታጠባለን፣ ከምግብ በኋላ ደግሞ ወጡ እስኪለቅ እንፈትጋለን። ቀኑን ሙሉ። ንጋት ሰባት ዓመት ሲገባ የኖረው ቆዳችን ውስጥ ሳይሆን የእጅ መታጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነው። ጽናት ግን ማንም ሳይነካው ግራችን ላይ ይውላል። በግራው የሚበላ ማን አለ?

"እኔ" አለች ዘይነባ ቀስ ብላ፣ "ለሰላት ሁለቱንም እኩል ነው የማጥበው። የእኔ ግራና ቀኝ እኮ እኩል ነበሩ። ሚዛን አንድም ቀን ግራ ይመራል ብላኝ አታውቅም። እኔም፣ የመስጊዳችን ሰዎችም፣ ሁላችንም እኩል። ሁላችንንም ነው ያስወጣን።"

"ማን ነው ያስወጣችሁ?"

"ተክለወልድ ነዋ። 'ውጤታችሁ ያደናግራል' ብሎ።"

ተክለወልድ የንጽጽር ጣቢያው ኃላፊ ነው። የሰፈራችን ሰው ነው፣ እድራችን ውስጥ ከፊት የሚቀመጥ። በመጀመሪያው ዓመት ለየሰው ዕጣ ማውጣት ያደክማል ተብሎ ለከተማው ሁሉ አንድ ዕጣ ብቻ ሲወጣ ያወጣው እሱ ነው፤ "ጽናት ለግራ" ብሎ ወረቀቷን ከፍ አድርጎ አሳየን፣ እኛም ጭናችንን መታን። ጽናትን ለንጽጽር ያቀረበችው የእሱ ጣቢያ ናት። ጽናት ካሸነፈ እሱ ወደ ዋና ከተማ ሄዶ የአገሩ ንጽጽር ሁሉ አለቃ ይሆናል። እጁን ታጥቦ የሚበላ ሰው ነው፤ እዚሁ ያደገ ነው። አልተሳሳተም። ሰውየው አውቆ ነው ያደረገው።

ማግስቱን ቢሮው ሄድኩ። ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበለኝ። ጓንት አድርጓል፤ ንጽጽሩ ከተጀመረ ወዲህ እሱን ያለ ጓንት ያየው የለም። የጣቢያው ኃላፊ ነውና ሚዛንም አውልቅ አትለው፣ በዚህ ብርድ አገር ደግሞ ማንም አይጠይቅም። በትከሻ ሰላም አለኝ፤ በቀኝ፣ በግራ፣ እንደገና በቀኝ። በቀኙ ስጠጋ ጥድ ሸተተኝ። በግራውም ጥድ ሸተተኝ። የኮቱ ኮሌታ ላይ፣ ከጆሮው ሥር፣ ነጭ ቅርፊት ተራግፏል። የእኛን ነገር እኛ እንተዋወቃለን።

ያን ጊዜ ምንም አልተናገርኩም። ለልመና ነበርና የሄድኩት፣ ለመንኩ።

"ግራ እጄን ይዩልኝ" ብዬ ዘረጋሁለት።

"ቅርፊት አለበት?"

"የለበትም።"

"ታዲያ ምን ጎደለሽ?"

"ቆዳ ነው የጎደለኝ።"

ሣቀ። "መምህርት፣ መቼም ለጨዋታ ማን ብሎሽ።"

"ቀኛችንን እንደምንታጠብ ያውቃሉ አይደል?"

ሣቁ ቆመ። በሩን አየት አደረገና "የሠለጠነ ሰው እጁን ይታጠባል" አለ።

"እነዘይነባን ለምን አስወጧቸው?"

"ስሚ፣ ዕጣ ነው። ዕጣ ደግሞ የእግዜር ነው፤ በእግዜር ሥራ አትግቢ።" ብድግ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። "ልጅሽ ክርኗ ላይ እንደወጣባት ሰምቻለሁ። አይዞሽ። በብያኔው ቀን መጀመሪያ የምትቀባው እሷ ትሆናለች። እኔው ራሴ በእጄ እቀባታለሁ። ክብር ነው።"

እያስፈራራኝ እንደሆነ ገብቶኛል፤ እንደገባኝም እሱ ገብቶታል። እጅ ነሥቼ ወጣሁ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ። እኔ በዚያ ሁዳዴ ጸለይኩም፣ ቂሜንም ያዝኩ፤ ሁለቱም ተስማሙኝ። ሌላው ሰው የክርስቶስን ሕማም ሲያስብ እኔ የተክለወልድን ጓንት አስብ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ አልልም፤ ገና አልጨረስኩም።

ብያኔው ዳግማዊ ትንሣኤ በዋለ ሰሞን በጣቢያው ግቢ ተደረገ። ድንኳን ተተከለ። ሽማግሌዎች ከፊት፣ አነጻጻሪዎች ከኋላ፣ ቆዳቸው ንጹሕ የሆነ ደግሞ በአጥሩ ዙሪያ። ሚዛን መድረኩ ላይ ተሰቅላለች። ጠጅ ተቀዳ። ይህን ሁሉ መሣሪያ በየበሩ ብንተክልም አንድ ነገር አልተውንም፤ የሚቀዳው ሰው ከብርሌው በመዳፉ ጠብ ያደርግና ከእንግዳው ፊት ይቀምሳል። መርዝ የለበትም ለማለት ነው። የእድራችን አንጋፋ አባባ ወልደሰንበት ፊት እንኳ ቀዳጁ ሳይቀምስ አላለፈም። ያን ሳይ ነው የምለው ነገር የመጣልኝ።

ሚዛን "ጽናት አሸንፏል" አለች። ጭን ተመታ። ተክለወልድ የጽናትን ብልቃጥ ይዞ ከመድረክ ወረደና "ምዕራፍ" ብሎ ጠራ። ልጄ ተነሣች። እጅጌዋን ሰብስባለች፣ በብርዱ የክንዷ ጸጉር ቆሟል። ወደ እኔ ዘወር ብላ አየችኝ። እኔም ተነሣሁ።

"አንዴ ይቅርታ" አልኩ፣ ክፍል ውስጥ በምናገርበት ድምፄ። "ጠጅ የቀዳው ልጅ ቀምሶልናል። ቅባቱንስ ማን ቀመሰልን?"

አጥሩ ጋ ሰው ሣቀ። ተክለወልድም ፈገግ አለ። "እኔ በሽታው የለብኝም መምህርት። ያልታመመ ሰው አይቀባም።"

"እንግዲያው ጓንትዎን ያውልቁና ጤናዎን ያሳዩን። ሚዛንም እዚሁ አለች።"

ፈገግታው ፊቱ ላይ ቀረ። አባባ ወልደሰንበት ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። "ልጄ፣ እውነቷን ነው። ቀምሶ ማጠጣት የአባቶቻችን ነው። ምን ያስቸግርሃል? አውልቀው።"

ሌላ ሰው ቢሆን ያልፈው ነበር። አባባን ግን በሰው ፊት እምቢ ብሎ በዚህ ከተማ የሚኖር የለም፤ የሞተ ጊዜ ማን ይቀብረዋል? ብልቃጡን ለምዕራፍ አስያዘና ጓንቱን አወለቀ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱም እጆቹ ጀርባ ላይ ቅርፊት አለ፤ ብዙ አይደለም፣ በደንብ የተያዘ ነው። ቅባቱ ያብለጨልጫል። የጥዱ ሽታ እኔ ዘንድ ደረሰ።

"ግራ፣ ንጋት። ቀኝ፣ ንጋት" አለች ሚዛን። "ያልተመዘገበ በሽተኛ።"

አባባ ወልደሰንበት አንገታቸውን ነቀነቁ። "በሰባት ዓመት ውስጥ ጽናትን ያልቀባኸው ምን ሆነህ ነው?"

እኔ ከምዕራፍ እጅ ብልቃጡን ተቀበልኩና በጣቴ ትንሽ ዛቅሁ። ወደ እሱ ቀረብኩ። "ይህችን ብቻ" አልኩት። "ግራዎን ይስጡኝ።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ልጄ የምትድነው እሱ ቅባቱን እምቢ ካለ ብቻ ነበር። ከተቀባ ብያኔው ይጸናል። ያን አውቃለሁ፤ ሌሊት ተኝቼ ሳሰላው የነበረው እሱን ነው። ነገር ግን ፊቱ ስቆም እንዲቀባ ነበር የፈለግሁት። ልጄ አጠገቤ ቆማ፣ እኔ ጣቴን ዘርግቼ፣ "ስጠኝ፣ ስጠኝ" እል ነበር በሆዴ።

እጁን ወደ ኋላው ደበቀ። "ያሳሳል" አለ።

"ምኑን?" አለች ምዕራፍ። እሷ ናት የጠየቀችው።

"ቆዳውን" አላት፣ መሬት መሬት እያየ።

"አዲስ መረጃ፣ ከጣቢያው ኃላፊ" አለች ሚዛን። "ስስነት። ብያኔው ታግዷል።"

መጀመሪያ ያጨበጨበችው አጥሩ ጋ የቆመችው ዘይነባ ናት። ከዚያ አንድ አነጻጻሪ ሽማግሌ ሁለቱን እጆቹን አየት አየት አደረገና አጨበጨበ። ከዚያ ሁሉም። ሰባት ዓመት ያልተጨበጨበ ጭብጨባ ነው፤ ግራ እጃቸው እየተላጠ፣ እየደማ፣ የሚያቆም ጠፋ። እኔም አጨበጨብኩ። ሕመሙ ልክ አልነበረውም፣ ደስታዬም እንደዚያው።

አሁን የከተማው በሽተኛ ሁሉ ንጋት ነው የሚቀባው፤ ዘይነባና የመስጊዷ ሰዎችም ተመልሰዋል። የምዕራፍ ክርን ጥድ ጥድ ይላል፣ ክቡም እየከሰመ ነው። ሆኖም ሚዛን የጀመረችውን ንጽጽር ሳትቋጭ አትተወውም፤ አሁን ስስነትም መቁጠር ትፈልጋለች። "አንድ ሰውም ቢሆን ይበቃኛል" አለች። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው መከሩና ያመጣው ይጨርሰው ብለው በተክለወልድ ላይ ፈረዱ። ዕጣ የሚያወጣና ንጽጽሩን የሚታዘብ ሰው ያስፈልግ ነበር፤ እኔ እሆናለሁ አልኩ፣ የተቃወመ የለም። ዕጣውን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። ጽናት ለግራ።

"አጭበርብረሻል" አለኝ።

"ዕጣ የእግዜር ነው" አልኩት።

የምሳ ሰዓት ሲደርስ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ጣቢያው ምግብ ቤት እሄዳለሁ። ተክለወልድ ጥግ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። ማንቆርቆሪያና ሳፋ ይዤ እቀርባለሁ፣ ጎንበስ እላለሁ። በዕድሜ ይበልጠኛልና ማስታጠቡ የወግ ነው፤ አስተናጋጆቹ "እንዴት ያለች ጨዋ ናት" ይላሉ አሉ። "ቀኝዎን ይታጠቡ" እለዋለሁ። ሳሙናውን አቀብለዋለሁ። ከጥፍሩ ሥር፣ ከጣቱ መሀል፣ አንጓው ድረስ እስኪፈትግ ውኃውን አላቋርጥም። በልቶ ሲጨርስ እንደገና። ግራውን ማንም አይነካውም። እምቢ ማለት አይችልም፤ ንጽጽሩ እንደ መጀመሪያው ካልሆነ ሚዛን አትቀበለውም፣ ሚዛን ካልተቀበለችው ደግሞ የቤቱ በር አይከፈትለትም።

አንድ ቀን ምዕራፍ አብራኝ መጣች። ጥግ ላይ ቆማ አየች። ቤት ስንደርስ "እማዬ፣ እስከ መቼ ነው?" አለችኝ።

"ንጽጽሩ እስኪያልቅ።"

"ማን ነው ማለቁን የሚወስነው?"

"ታዛቢዋ" አልኳት። ከዚያ ወዲያ አብራኝ መጥታ አታውቅም። እጄን ስትይዝም በቀኙ ነው የምትይዘኝ፤ ግራዬን ላለማሳመም ነው ትላለች።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። የእኔ ግራ አልተመለሰም። የሳሳ ቆዳ አይመለስም፤ አምባሩም ሣጥኑ ውስጥ እንዳለ ነው።

ትናንት ምግብ ቤቱ ስገባ ተክለወልድ የግራ እጁን በመሐረብ ይዞ ተቀምጧል። የሰዓቱ ማሰሪያ አንጓውን ልጦታል። ቀኙ በቅርፊት ተሸፍኗል፣ ግራው ያበራል። መሐረቡን ገልጦ አሳየኝ።

"አስካለ፣ እህቴ" አለኝ። እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። "በቃኝ። በእናትሽ ተይኝ። ሚዛንን በቃ በያት።"

የራሴን ግራ እጅ አጠገቡ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። ሁለቱ የአንድ ሰው እጅ ይመስላሉ። ሆዴ ውስጥ ርኅራኄ አለ ወይ ብዬ ፈለግሁ፤ ትንሽ አለች። እዚያው ተውኳት።

"ቅርፊት አለበት?" አልኩት።

"የለበትም" አለ።

"ታዲያ ምን ጎደለዎ?"

መሐረቡን መልሶ ጠቀለለበት። ማንቆርቆሪያውን አነሣሁና ጎንበስ አልኩ።

"ቀኝዎን" አልኩት። ዘረጋልኝ።